እመቤቷን የተጫወትኩበት ዓመት

ልጅቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም። ምክንያት ነበረኝ ብል እዋሻለሁ፤ ምክንያቱ ኋላ ነው የደረሰልኝ። የዚያን ቀን ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወጥታ፣ የጥጥ ብናኝ ከጸጉሯ ሳይራገፍ፣ በምንለማመድበት የቆርቆሮ አዳራሽ በር ላይ ቆማ «የድራማ ክበቡ እዚህ ነው?» አለች። ድምፅዋ ከበሩ ተነሥቶ መድረኩ ድረስ ሄደ። እኔ እንዲያ ያለ ድምፅ ለማውጣት ስንት ጠዋት ጦሳ ተራራ ሥር ቆሜ ስጮህ ከርሜአለሁ። እሷ ቦታ ስትጠይቅ ወጣላት።

በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የድራማ ክበብ የሌለው ሰፈር አልነበረም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ሁሉም ስለ ኤድስ ይሠራል፣ እኛም እንሠራለን። እኔ በሦስት ድራማ ሦስት ባል ቀብሬአለሁ። ሳለቅስ የሰኞ ገበያ ሴቶች አብረውኝ ያለቅሱ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጄን ይዘው «አይዞሽ እኅቴ፣ አንቺ ግን ተመርምረሻል?» የሚሉኝ አልጠፉም። ባጭሩ የክበቡ ዋና ተዋናይት እኔ ነበርኩ። ይህን ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁሉም ያውቀው ነበር።

አዘጋጃችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የሴቶች ቀን ሲቃረብ ሰብስበውን «ዘንድሮ ባል አንቀብርም» አሉ። «በዚህ አገር ባሪያ የነበሩ ሴቶች ነበሩ። ስለ እነሱ የሚያወራ የለም፤ የሚያወራም ቢኖር ተሸጡ፣ ተገረፉ ብሎ ነው የሚያልፈው። እኛ እምቢታቸውን እንጫወተዋለን። የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሁላችሁም ከየቤታችሁ የሰማችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ የጎደለውን በሐሳባችን እንሞላዋለን።»

አንዱ እመቤቷ በተቆጣቻት ቁጥር ዱቄቱ ውስጥ አሸዋ ጣል ስለምታደርግ ሴት ሰምቶ መጣ። አንዷ ደግሞ የጌታዋን ልጅ እሹሩሩ እያለች በዜማ ስለምትራገም ሞግዚት አወራች። እኔ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስጫወተው ያደግሁት ነገር ነበረኝ።

እናቴ የሞተችው ገና ዳዴ ስል ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ እምዬ ነው የምላት። ሰኞ ገበያ ውስጥ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ትሸጥ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሁለታችን ብቻ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። አንዳችን ደጅ እንሆናለን፣ አንዳችን ማጀት። ጠሪዋ «ማን አለኝ!» ብላ ትጣራለች። መላሿ ደግሞ የያዘችውን ሥራ ሳታቋርጥ ወዲያው «ከእመቤቴ በቀር!» ማለት አለባት። ጠሪዋ እጇን እስክታጨበጭብ መላሿ ካልመለሰች ተበላች። እኔ መጥራት ነበር የምወደው፤ ተራዬ ደርሶ መላሽ ስሆን አኮርፋለሁ። እምዬ ግን አንድም ቀን ተበልታ አታውቅም። አፏ ውስጥ ጉርሻ እንኳ ቢኖር ውጣ ትመልሳለች።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄማ ጨዋታ አይደለም» አሉ። «ድሮ ባሪያ ስሟን ተቀምታ እንዲህ ያለ ጥሪ ይሰጣታል። ጌታው የነገሩን ግማሽ ይጣራል፣ እሷ ግማሹን ትሞላለች። በተጠራች ቁጥር ጌታዋን እያወደሰች እንድትኖር ነው። ከየት አመጣሽው?»

«ከቤታችን» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። አያቴ አባቷ ከገራዶ ማዶ ባለ ርስት እንደነበሩ አንድ ሁለቴ ነግራኛለች። ስለ እናቷ ጠይቄአት አላውቅም። መልኬ ቀይ ነው፣ ጸጉሬ ለስላሳ ነው። የጠሪው ወገን ነን ብዬ ነው እንዲያ የኮራሁት።

ጋሼ ድራማውን በዚያ ጥሪ ዙሪያ ጻፉት። ሚና የሚደለደልበት ቀን ሲደርስ አዲስ ሻሽ አስሬ ሄድኩ። ባሪያይቱ እኔ እንደምሆን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም፤ ቃሉን ያመጣሁ እኔ፣ የማለቅሰው እኔ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው እኔን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ባሪያይቱን ለልጅቷ ሰጧት። ወደ እኔ ዞረው «አንቺ እመቤቷን ትሆኛለሽ» አሉኝ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ የሚሉት እኔን ነው።

«ጥቁር ስለሆነች ነው የመረጧት» አልኩ ሻይ ስንጠጣ፣ እሷ እንደምትሰማ እያወቅሁ።

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «እውነትሽን ነው» አለች። «እኔ ጥቁር ስለሆንኩ፣ አንቺ ቀይ ስለሆንሽ። ሁለታችንም በችሎታ አልገባንም ማለት ነው።» ብላ ሳቀች። ሁሉም አብሯት ሳቀ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች። ፈረቃዋ ሲያልቅ ሚኒባስ ተሳፍራ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ትመጣለች፣ ልምምዱ ሲያልቅ ትመለሳለች። ስለ ዘመዶቿ ስትጠየቅ «ሩቅ ናቸው» ትልና ወሬ ትቀይራለች። ሌላው ሰው አዘነላት። እኔ እንኳን ላዝንላት፣ አንድ ቀን መኪና ቢያጣት ብዬ እመኝ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉም በወረደ ቁጥር ሰዓቴን አይ ነበር፤ ሁሌም ትደርሳለች።

ድራማው ውስጥ እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ እጠራታለሁ። በመጀመሪያው ጮክ ብላ ትመልሳለች፣ በሁለተኛው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሦስተኛው ዝም ትላለች። ጋሼ «እምቢታዋ ዝምታዋ ነው» ይሉ ነበር። እሷ ዝም ስትል እኔ አለንጋዬን አንሥቼ እቆማለሁ፣ መብራት ይጠፋል፣ በቃ። ዝም ማለት ደግሞ ምን ችሎታ ይጠይቃል ብዬ ቤት ገብቼ መስተዋት ፊት ሞከርኩት። እኔ ዝም ስል ቃል የረሳሁ ነው የምመስለው። እሷ ዝም ስትል የአዳራሹ ቆርቆሮ እንኳ መንጓጓቱን ያቆም ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ አየሁት፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ለእምዬ ምንም አላወራሁላትም። «የድሮ ዘመን ድራማ ነው፤ ትልቅ እመቤት ሆኜ ነው የምሠራው» አልኳት ብቻ። «ማሻአላህ» አለች፣ «ለትልቅነትማ ማን ብሎሽ!» ያንን ጨዋታችንን መድረክ ላይ ስትሰማ ፊቷን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ሌላም ነገር ነበረኝ። ሰዉ ሁሉ እሷን እንደሚያይ አውቄአለሁ። አንድ ሰው፣ እምዬ ብቻ፣ እኔን ታያለች ብዬ ነበር።

የደሴው አዳራሽ በግምገማ ስለተያዘ መጀመሪያ ያሳየነው ኮምቦልቻ ላይ፣ በሠራተኞች መዝናኛ አዳራሽ ውስጥ ነው። እሑድ ከሰዓት ነበር። የኮምቦልቻ ሙቀት ቅባቴን አቅልጦ አንገቴ ላይ አወረደው። ወንበሩ ሁሉ በፋብሪካ ሰዎች ሞልቷል፤ ለልጅቷ ገና መጋረጃው ሳይከፈት ያፏጩላታል። እምዬን ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ በትክክል ከመደቤ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት።

«ማን አለኝ!» ብዬ ስጣራ እምዬ ተስቢሏን መቁጠር አቆመች። አየኋት፤ ደስ ያላት መሰለኝና ትከሻዬን ይበልጥ ነፋሁ። ልጅቷ «ከእመቤቴ በቀር!» አለች። ሁለተኛውን ስጣራ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከፋሁበት፤ ቤተሰቤን ላስኮራ ነው። ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች። ሦስተኛውን ጠራሁ። ልጅቷ እንዝርቷን እንደያዘች ዝም አለች። የሚያፏጨውም ሁሉ ዝም አለ። አለንጋውን ጨብጬ ልነሣ ስል፣

«ከእመቤቴ በቀር!»

የመጣው ከመድረኩ በታች ነው። የሰባ ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም፤ የሃያ ዓመት ሴት፣ ሥራ ላይ ያለች፣ ትንሽ ያለከለከች ሴት ድምፅ ነበር። ቁልቁል ስመለከት እምዬ ቆማለች። ጫማዋ ከእግሯ ወልቋል። አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አጥፋ፣ መሬት መሬት ታያለች። የመለሰችው ለእኔ ነበር። ያሳደገችኝ ሴት፣ ለእኔ መልሳ፣ ቀጥሎ ምን እንደማዝ ትጠብቃለች።

አለንጋዬ እጄ ላይ ቀረ። ያዳነችን ልጅቷ ናት፤ መልሱ ከእሷ አፍ የወጣ ይመስል ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና እንዝርቷን ማሾር ጀመረች። መብራቱ ጠፋ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ፤ ሁሉም ነገሩ የድራማው ብልሃት ነው የመሰላቸው። ጭብጨባውን ማን እንደወሰደው መናገር አያስፈልገኝም።

ከመድረክ ዘልዬ ወረድኩ። እምዬ ግን በአጠገቤ አልፋኝ ሄደች፣ እንዳላየችኝ። ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ አዞረቻትና ጀርባዋን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ነካሽ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አልነካችኝም እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለች ልጅቷ።

«አፈር ስሆን፣ ሁለተኛ ዝም እንዳትዪ።»

እኔ አለንጋ እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። አያቴ የምትመረምረው እኔ ልጅቷን ጎድቻት እንደሆነ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደሴ ተነሣን። ልጅቷ ተረኛ ስላልነበረች እምዬ «አብረሽኝ ትወጫለሽ፣ ቤቴ ታድሪያለሽ» ብላ እጇን ይዛ አሳፈረቻት። ከኋላ ለሁለት ተቀመጡ፣ እኔ ሹፌሩ አጠገብ ደረሰኝ። ሐረጎን ስንወጣ መኪናው በየጠመዝማዛው ያቃስታል፣ እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ፣ የአያቴን ሕይወት ከጀርባዬ እሰማለሁ። ያንን ታሪክ ከአንዴም ሁለቴ በሕይወቴ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መናደድ በተገባኝ። ጠይቄ አላውቅም፤ ግን ተናደድኩ።

«እንዲያ ትጠራ የነበረችው እናቴ ናት» አለች እምዬ። «ከገራዶ ማዶ፣ አባቴ ቤት። አባቴ ጌታዋ ነበር፣ ምን ልበልሽ። ከኔ በላይ እኅት ነበረችኝ፣ እናቴ ከሌላ ሰው የወለደቻት። እመቤቲቱ ልጇን ስትድር ያቺን እኅቴን አብራ ሰጠቻት፣ ከጋራው ባሻገር ላለ ቤት። እናቴ ልጇን ማየት አለባት። እንዴት ትሂድ? በጠዋት ትጠራለች፣ በቀትር ትጠራለች። ታዲያ እኔን አስተማረችኝ። ጨዋታ አድርጋ አስተማረችኝ፣ ድምፅዋን አስለመደችኝ። እሷ ጋራውን ተሻግራ እኅቴን ስታይ፣ እኔ ማጀት ሆኜ በሷ ድምፅ እመልሳለሁ። እመቤቲቱ ደጅ ተቀምጣ እናቴ ውስጥ ያለች ይመስላታል።»

«አልተያዛችሁም?» አለች ልጅቷ።

«ወላሂ አንድም ቀን! ዛሬ አንቺ ዝም ስትዪ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ አስያዘችን አልኩ።»

ሹፌሩ ማርሽ መቀየሩን ረስቶ ነበር፤ መኪናው ሊጠፋበት ሲል ነቃ። ልጅቷ «እኅትዎስ?» አለች።

«እኅቴማ!» የእምዬ ድምፅ ተለወጠ። «እሷ ምን ሆነች! እናቴን እያየች፣ ጸጉሯን እየተሠራች! እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስመልስ ውዬ፣ እናቴ ስትመጣ ደክሟት እንቅልፍ ይጥላታል። ለኔ የሚተርፍ የለም። አላህ ይማራትና ሞታለች፣ ግን አሁንም ባገኛት አንድ ሁለት ቃል አላጣላትም።»

ሹፌሩ ሳቀ፣ ልጅቷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰባ ዓመት ሞልቷት በሞተች እኅቷ የምትቀና ሴት ናት ያሳደገችኝ። ቅናቱ ከየት እንደመጣብኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ መግባቱ ግን አላቀለለልኝም።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከቤታችን ጠፍታ አታውቅም። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ፓፓያ ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ «እርስዎ» ትል ነበር፣ ቀጥሎ «አንቱ» አለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔ ልብስ አጥቤ ስገባ «እምዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» ስትል ሰማኋት። ባልዲውን በሩ ላይ አስቀመጥኩት ብል ማንም አያምነኝም፤ ጣልኩት። እምዬ የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤት እማማ ይላታል፣ ገበያ ሌላ ይላታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንዲህ ነው። የጠላኋት ልጅ የምቀመጥባትን በርጩማ እንኳ ወርሳ ተቀምጣለች።

ጋሼ ታሪኩን ሲሰሙ ድራማውን እንደገና ጻፉት። ዝምታው ወጣ። በሦስተኛው ጥሪ ልጅቷ ጋራውን ስትሻገር ትታያለች፣ መልሱ ከመጋረጃ ጀርባ በልጅ ድምፅ ይመጣል። ድምፁን የክበባችን ታናሽ ተዋናይት እምዬ ዘንድ እየመጣች ተማረችው። እንግዲህ ሁሉም ከአያቴ አንዳንድ ነገር ወስዷል። ለጋሼ «ሚናውን ስጡኝ፤ ታሪኩ የእኔ ነው» አልኳቸው። ልጅቷ ራሷ «ይገባታል፣ እኔ እመቤቷን እሆናለሁ» አለች። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «አያትሽን ጠይቂ» አሉኝ።

ቤት ገባሁ። እምዬ አብሽ ትለቅማለች። ቁጭ ሳልል ጀመርኩ።

«ለምንድን ነው ለሷ የነገርሻት? እኔ ስንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ?»

ቀና አላለችም። «ባዕድ ናት። ባዕድ ሰምቶ ይሄዳል፤ ለባዕድ መንገር ይቀላል። አንቺ ምን ልታደርጊው ነው? ነገ የሚያገባሽ ሰው ሽማግሌ ሲልክ አጥንቷ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ካላወቅሽ አትዋሺም፣ ካልዋሸሽ አትፈሪም ብዬ ነው።»

«እሺ አሁን አወቅሁ። ባሪያይቱን እኔ ልጫወታት።»

«አይሆንም።»

«ለምን? ከሷ አንሼ ነው?»

አሁን ቀና አለች። «የሰው ልጅ በዚያ ስም ስትጠራ አያለሁ፣ ሆዴ ይባባል፣ አለቅሳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ እራቴን እበላለሁ። አንቺን ስትጠሪበት መስማት ግን አልችልም፣ ውሸቱንም ቢሆን። አንቺ ጥሪ። ጥሪ ብያለሁ!»

ፍቅር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ቁጣዋን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ የምትቆጣው ለምትሳሳለት ነገር ነው። ግን ምን ያደርግልኛል? ልጅቷ ታሪኩን አገኘች፣ የቅድመ አያቴን እንዝርት ይዛ ጋራውን ትሻገራለች፣ ሰው ያለቅስላታል። ለእኔ የተሰጠኝ አለንጋና ጥበቃ ነው። እንደ እንቁላል ተጠቅልዬ መቀመጥ አልፈለግሁም፤ ከባዱን ነገር እንድታሸክመኝ ነበር የፈለግሁት። ይህን በዚያ ሰዓት እንዲህ አላልኳትም። «እሺ፣ እጠራለሁ» ብዬ በሩን አላትሜ ወጣሁ።

ደሴም አሳየነው። ጠራሁ፤ እንዴት እንደጠራሁ! የውስጤን ሁሉ በዚያ ጥሪ አወጣሁት። ባሪያይቱን ሳይሆን የምጠራው፣ በርጩማዬ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ነበር። ሰዉ ለእሷ አለቀሰ፣ እኔን ጠላኝ። ከአዳራሹ ስወጣ አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው። ጋሼ «ይሄ ነው ሙያ!» እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል፣ እኔ በሰዉ መሀል እምዬን እፈልጋለሁ። ልጅቷን አቅፋ ነበር።

የሰኞው ገበያ መጣ። እምዬን ለማገዝ ወረድኩ። ልጅቷም ዕረፍት ነበረች፤ እንደ ልማዷ ከእምዬ ቀኝ በርጩማው ላይ ጉብ ብላለች። እኔ ከኋላ ቆሜ ጆንያ እይዛለሁ። ገበያው ደርቶ ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፉበት ሰዓት ነው። ከእምዬ የማትቀር ደንበኛ፣ ወፍራም ነጋዴ ሴት፣ ዘንቢሏን አስቀመጠችና ዓይኗን ከኔ ላይ ተከለች።

«ያቺ ክፉ እመቤት ይቺ አይደለችም? ኧረ አጠራር! ይሄ በትምህርት አይመጣም፣ ደም ነው። የባላባት ዘር እኮ በአጠራሩ ይታወቃል፤ አጥንቷ ይናገራል።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺዬ፣ አንቺስ እውነት የባሪያ ዘር ነሽ እንዴ? እንዲያ የተዋጣልሽ? መልክሽም…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

ልጅቷ እግሯን መመልከት ጀመረች። ያ የቆርቆሮ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። አጠገባችን ያሉት ሻጮች ሁሉ መልሷን ለመስማት እጃቸውን አቆሙ። እኔም ትንሽ ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር።

እምዬ የምትሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠች። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ መነሣቷ ጊዜ ወሰደ።

«እናቴ ባሪያ ነበረች» አለች። ዕቃ ለማሻሻጥ የምትጮኸውን ያህል ጮክ ብላ ነው። «ከገራዶ ማዶ። ስሟን ነጥቀው በምን ይጠሯት እንደነበር እኔ አውቃለሁ፣ እኔ እመልስላት ነበር። ይቺ ልጅ የሰው ልጅ ናት፣ እንግዳዬ ናት፤ እሷን ተያት። አጥንት የምትጠይቂ ከሆነ የዚችን ጠይቂ።» እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የነጠላዬን ጫፍ ያዘችና ሳበችኝ። «ይቺ ቀዪቱ የናቴ ዘር ናት። ደሟም አጠራሯም የሷ ነው። የኔ ናት!»

ነጋዴዋ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች፤ የተሰፈረላት አብሽ ሸራው ላይ ቀረ። ከጎን ያለችው ሻጭ ከእኛ ሸራ የነካውን የራሷን ሸራ ሰበሰብ አደረገች። ለዓመታት ጎን ለጎን የሸጡ ሴቶች ናቸው። ሽማግሌ የሚልከው ሰው ማን ይሁን ማን፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሳይጠይቅ ሊያውቅ ነው። እምዬ ተቀመጠች፣ ጣሳውን አነሣች፣ ሸራው ላይ የቀረውን አብሽ በአንድ እጇ መልሳ ሰፈረች። ነጠላዬን ግን አልለቀቀችም፤ እየጎተተችኝ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የተነሣችው ስለ ልጅቷ ዝምታ መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ተጠርቶ ሳይመልስ ሲቀር አትችልም። የጠራችው ግን እኔን ነው፣ በሰኞ ገበያ ፊት፣ ለዚያ ሁሉ ዓመት ደብቃ በያዘችው ነገር። የለመንኳትን ሸክም አሁን ጭናብኛለች፤ ይከብዳል፣ ደግሞ የኔ ነው።

ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት። በርጩማው ላይ ናት። እምዬ የጨበጠችውን የነጠላዬን ጫፍ ትክ ብላ ታያለች፣ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ነክሳለች፣ «እንግዳዬ» የሚለው ቃል ገና ጆሮዋ ውስጥ ነው። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ከሚኒባሱ ከወረደች ቀን ጀምሮ ስለብሰው የከረምኩት የራሴ ፊት ነው።

ቀንታብኝ ነበር።